ጋሽ መርዕድ የቀሩበት ዓርብ

ስልኩ ሲጠራ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። የደወለልኝ የጋሽ መርዕድ የእህት ልጅ ነው፣ ከድሬዳዋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ ብርቄ፣ አጎቴ ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለኝ።

«ሰው አጠገባቸው ነበር?» አልኩት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ አልጠበቀም መሰለኝ። «ነበርን» አለ። «እናቴም እኔም ነበርን። እጃቸውን ይዘናቸው ነው ያለፉት።»

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የቻልኩት።

ካርቲየ ሰባት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈራችን ውስጥ ጋሽ መርዕድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ በውሃ የራሰ ፎጣ ከአንገታቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ወደ ጅቡቲ መጥተው ወደብ አካባቢ በትራንዚት ሥራ አረጁ። ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም እንደ አማርኛቸው ይናገሩታል፤ አፋርኛም አያቅታቸውም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ትናንሽ ማኅበራትን የሚያጠናክር አንድ ድርጅት ቀጠራቸው። ሥራቸው እንደ እኛ በየሰፈሩ በራሳቸው የተሰባሰቡ ሰዎችን እየዞሩ ማሠልጠን ነበር። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደመወዙም አለቀ፤ እሳቸው ግን መምጣታቸውን አላቆሙም።

የእኛ ማኅበር የሴቶች እድር ነው። ልብስ የምናጥብ፣ ለሹፌሮች ምግብ የምንሸጥ፣ ቢሮ የምናጸዳ ሴቶች ነን። የታመመ እናስታምማለን፣ የሞተ እንቀብራለን። ወደ የመን ሊሻገሩ መጥተው መንገድ ላይ የወደቁ ልጆች ሲገኙም ወደ አገራቸው እንዲመለሱ እንረዳለን። ማኅበሩን ያቋቋመችው እትዬ በላይነሽ የምትባል ብርቱ ሴት ነበረች። ሁሉን ነገር የምትሠራው እሷ ናት። ሆስፒታል ሄዳ የምታናግረው እሷ፣ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ያለው እሷ ዘንድ፣ ወረቀት የሚያስጨርሰውን ሰው የምታውቀው እሷ ብቻ። አንድ ቀን ልጇ ወዳለችበት አገር ድንገት ሄደች። በዚያው ሰሞን ወደ ባሕር መሻገሪያው በሚወስደው በኦቦክ መንገድ በውሃ ጥም የሞተች አንዲት ልጅ አስከሬን ወደ ከተማ መጣ። እኛ ማንን እንደምናናግር አናውቅም። ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ እንኳ አልነበረም። ልጅቷ ሬሳ ክፍል ውስጥ ስሟን የሚጠራላት አጥታ ሰነበተች። እኔም ልጄን ሳሮንን ሱቅ መላክ እንኳ እየፈራሁ ሰነበትኩ።

ጋሽ መርዕድ የመጡልን ከዚያ በኋላ ነው።

ከእሳቸው በፊትም ሠልጥነን እናውቃለን። አንድ ጊዜ ቡላኦስ ሰፈር ካለ አዳራሽ ወስደውን፣ «የአቅም ግንባታ ሥልጠና» የሚል ጨርቅ ግድግዳ ላይ ሰቅለው፣ እስክሪብቶና ቦርሳ አድለው፣ ዶሮ አብልተው መልሰውናል። አሠልጣኙ ከተናገረው አንዱም ትዝ አይለኝም። ቦርሳው ግን ጥሩ ነበር፤ ሳሮን ትምህርት ቤት ብዙ ያዘችው።

ጋሽ መርዕድ ባዶ እጃቸውን መጡ። በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የመጀመሪያውን ስብሰባ ቃል ሳይተነፍሱ ሰሙ። ስንጨርስ ሊቀመንበራችን እትዬ ዘውዴ፣ «እንግዲህ አቅማችንን ይገንቡልና» አለቻቸው እየቀለደች።

«አቅምማ አላችሁ» አሉ። «ያለው ግን ሁሉም አንድ ሰው ላይ ነበር የተከመረው። ያ ሰው ሲሄድ ይዞት ሄደ።»

ከዚያ ዘዴያቸውን ነገሩን። ስብሰባችን ዓርብ ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ከዓርብ በፊት ጋሽ መርዕድ ከመካከላችን አንዷን በምስጢር ይመርጣሉ፤ ያቺ ሴት የዚያን ቀን ትቀራለች። ለማንም አትናገርም፣ ስልኳንም ትዘጋለች። እኛ ደግሞ የእሷን ሥራ ያለ እሷ እንሠራለን። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ የቀረችውን መፈለግ ክልክል ነው። ቤቷ መሄድ የለም፣ መደወል የለም፣ ሰው መላክ የለም። እስከ ማግስቱ ድረስ እንደ ሞተች ትቆጠራለች።

«ሟርት ነው» አልኩ እኔ።

«ልምምድ ነው» አሉ። «ማኅበር መኖሩ የሚታየው ሰው ሲጎድል ነው።»

መጀመሪያ አካባቢ ጉድ ሆንን። ቁልፍ ያዧ የቀረች ዕለት በተቆለፈው መጋዘን ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ተጨቃጨቅን፤ በሳምንቱ ሁለተኛ ቁልፍ ተቀረጸ። ሆስፒታል የምትላከዋ የቀረች ዕለት ደግሞ ማንም ሳይጠብቅ ሰናይት ተነሳች። ሰናይት ከመካከላችን ትንሿ ናት። የፈረንሳዮች ቤት ስትሠራ ከወጥ ቤት የለቀመችውን ፈረንሳይኛ ይዛ ሐኪም ፊት ቆመች፣ ተናገረችም። ጋሽ መርዕድ ይህን ሲሰሙ ፎጣቸውን ከአንገታቸው አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑ። ላብ የሚጠርጉ መስለው ነበር፤ እንባቸውን ነው የጠረጉት።

እሳቸውን አንድ ነገር ብትጠይቃቸው አይመልሱልህም። በአገጫቸው ወደ አንዷ እየጠቆሙ፣ «እሷን ጠይቅ» ይላሉ። «እሷ ባታውቅስ?» ካልክ፣ «እንግዲያው ዛሬ ታውቃለች» ይሉሃል። እንዲህ እንዲህ እያልን ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለትና ሦስት ሰው አገኘን። ሰው ሲሞትብን መሯሯጥ ተወን።

የእኔንም ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ፈሪ ነኝ። ውሃ አፍልቼ አቀዝቅዤ እንደገና የማፈላ፣ በር ቆልፌ ተመልሼ የምነካ ሴት ነኝ። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የኢትዮጵያን ድንበር ገላፊን አልፎ እስኪደውል ድረስ እህል አይወርድልኝም። ስብሰባ ላይም ሊበላሽ ይችላል ብዬ የማስበውን ሁሉ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት በጆሮዋ አንሾካሹክ ነበር። አንድ ዓርብ ጋሽ መርዕድ አዩኝ።

«ብርቄ፣ ለእሷ የምትነግሪያትን ለሁላችን ንገሪን።»

አፈርኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ ወደ ሴቶቹ ዞረው፣ «ከመበተናችሁ በፊት ብርቄ የሚያሰጋትን ትናገራለች። ማኅበር አንድ የሚፈራ ሰው ያስፈልገዋል።»

እንዲህ ተሾምኩ። በየስብሰባው መጨረሻ እትዬ ዘውዴ፣ «የስጋት ሚኒስትራችን ትናገር» ትላለች፣ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም ተነስቼ መኪናው መንገድ ላይ ቢበላሽስ፣ ልጅቷ ድንበር ላይ ብትመለስስ እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ከሳቁ በኋላ ያስተካክሉት ነበር። እየቆየ ሳቁ ብቻ ቀረ። እኔ እናገራለሁ፣ እነሱ ይስቃሉ፣ እንጸልያለን፣ እንበተናለን።

ጋሽ መርዕድ ይህንንም አይተውታል። አንድ ቀን ስንወጣ፣ «ሲስቁልሽ እየሰሙሽ ነው ወይስ እየሸኙሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ያ በጋ ክፉ ነበር። ካምሲን የሚሉት ነፋስ ሳያቋርጥ ነፈሰ። አሸዋው በቆርቆሮው ሥር እየገባ አልጋችን ላይ ይከመራል፣ መብራቱ በየቀኑ ይጠፋል። ውሻ እንኳ አይጮህም ነበር። በዚያ ሰሞን ጋሽ መርዕድ ውሃ ሲጠጡ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ስብርባሪውን አላዩም፤ እጃቸውን ነው ያዩት፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው። ሌላ ቀን ደግሞ ከስብሰባ ሲወጡ አንድ እግር ነጠላ ጫማቸው ወልቆ ቀረ፤ ሳያውቁት በባዶ እግራቸው ያን ትኩስ አስፋልት ይዘው ሄዱ። አንስቼ ተከተልኳቸው።

«ጋሽ፣ ጫማዎ።»

ቁልቁል አዩ። «እህ» አሉ።

«ሐኪም ይይዎት።»

«ሙቀቱ ነው፣ ብርቄ።»

«ለስብሰባ ላቅርበው?»

«የእኔን እግር አጀንዳ ልታደርጊው ነው?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ የአፋቸው አንደኛው ጎን አብሮ አልሳቀም።

ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ፣ «አንድ ዓርብ እኔም እቀራለሁ፤ የምትፈተኑት ያን ጊዜ ነው» ይሉን ነበር። ሴቶቹ ያንን ቀን እንደ ፈተና ቀን ይጠብቁት ነበር። አንዳንዶቹማ መቼ እንደሚሆን ይወራረዱ ነበር።

ያ ዓርብ መጣ። ሁላችንም ተገኘን። እትዬ ዘውዴ ዙሪያውን አየችና፣ «ዛሬ የቀረችው ማናት?» አለች። ማንም አልቀረችም። በር አጠገብ ያለው በርጩማ ብቻ ባዶ ነው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዷ፣ «ራሳቸውን ነው የመረጡት» አለች፣ ቤቱም በደስታ ተንጫጫ።

ስብሰባው ሳይጀመር መጨረሻ የገባችው ሰናይት ነበረች። ገና ከበሩ ጀምራ ሳቅ በሳቅ ሆና ነበር። «እኔ እኮ አውቄባቸዋለሁ» አለች። «በደጃቸው ሳልፍ ጫማቸው በር ላይ አለ፣ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፣ ዝም። ሁለተኛ አንኳኳሁ፣ ዝም።»

«መፈለግ ክልክል ነው እኮ፣ አንቺ» አለቻት እትዬ ዘውዴ።

«መች ፈለግኩ? ሳልፍ ነው። 'ጋሽ፣ ነቅተንብዎታል' አልኳቸው። 'ዛሬ ቀሪው እርስዎ ነዎት። አይዞዎት፣ ደንቡን እናከብራለን፣ ማንም አያስቸግርዎትም። ነገ እንገናኝ' አልኳቸው።»

ሴቶቹ እየተመታቱ ሳቁ። «ይኼኔ ትራሳቸውን ነክሰው ነው ሳቃቸውን የያዙት» አለች አንዷ።

እንደዚያ ቀን ያለ ስብሰባ አድርገን አናውቅም። እግሯ ተሰብሮ ደላሎች የጣሏት አንዲት ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ማን እንደሚያስታምማት፣ ማን ቤተሰቧን አፈላልጎ እንደሚደውል፣ ማን እስከ ድሬዳዋ እንደሚሸኛት ያለ ጭቅጭቅ ጨረስን። አንዷ ስትናገር ሌላዋ አታቋርጥም። ሁሉም ለጋሽ መርዕድ ነገ የምንነግራቸውን እያሰበ ነበር የሚሠራው። በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ወደ እኔ ዞረች።

«የስጋት ሚኒስትራችን ትናገር።»

ተነሳሁ። «የሚያሰጋኝ ጋሽ መርዕድ ናቸው» አልኩ። «ጫማቸው ደጅ ካለ ቤት ውስጥ ናቸው። ቤት ካሉ ለምን አልመለሱላትም?»

«ቀሪ ይመልሳል እንዴ?» አለች ሰናይት።

«ባለፈው ብርጭቆ ከእጃቸው ወድቋል። እግራቸውም...»

«ዛሬ ደግሞ ሐኪም ሆነችላችሁ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ሁሉም ሳቁ። እትዬ ዘውዴ ራሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ብርቄ፣ ሊፈትኑን ቢቀሩ አልቅሰሽ አትግደይን» አለችኝና ለጸሎት ቆምን። ጸሎቱ ሲያልቅ ለራሳችን አጨበጨብን። ነፋሱ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጭብጨባው ብዙም አልተሰማም።

ሳሮንን ይዤ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። መንገዴ በጋሽ መርዕድ ደጅ አያልፍም፤ ዞሬ ነው የሄድኩት። ደንቡን ልጥስ አላሰብኩም፣ ከሩቅ ለማየት ብቻ ነበር። ጫማው እንደተባለው በር ላይ አለ፣ አንዱ በአፉ ተደፍቷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ በካርቶን ራሱን ያራግባል። የእሳቸው በርና መስኮት ብቻ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ማራገቢያ በማይሠራበት በዚያ ሙቀት፣ በዚያች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ጤነኛ ሰው ለልምምድ ብሎ ዘግቶ አይቀመጥም። ይህ ሲገባኝ ደንቡን ረስቼ ወደ በሩ ሄድኩ።

አንኳኳሁ። «ጋሽ፣ ብርቄ ነኝ።»

ከውስጥ የሆነ ነገር ወለሉን ቧጠጠ።

«እማዬ፣ ድመት ነው?» አለች ሳሮን።

ያከራየቻቸውን ሐዋን ጮኬ ጠራሁ። ሶማልኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ «ከትናንት ማታ ወዲህ አላየኋቸውም፣ ስብሰባ ሄደዋል ብዬ ነው» አለች። ወንድሟ በትከሻው ገፍቶ መቀርቀሪያውን ሰበረው።

ጋሽ መርዕድ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። ራሳቸው ወደ በሩ ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ያለው ምንጣፍ ተሸብሽቧል፤ ያቺን ትንሽ ክፍል ተጎትተው አቋርጠዋታል። የግራ እጃቸው ተዘርግቶ ለበሩ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዓይናቸው ተከፍቷል። ሳሮንን ዞር በይ ማለት እንኳ አልቻልኩም።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪም የምታናግረው ሰናይት ናት፤ ሥራዋ ነውና ተጠርታ መጣች። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ። እሷም እየተከተለች፣ «ደም ራሳቸው ውስጥ ቆሟል ነው የሚለው... ቀኝ ጎናቸው አይሠራም... ይናገሩ አይናገሩ ገና አይታወቅም... ጥቂት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ...» ብላ አቆመች። ሐኪሙ መናገሩን ቀጠለ። እሷ አፏን ከፍታ ቆመች። የቀረውን ማንም አልተረጎመልንም።

ጋሽ መርዕድ ዳኑ፣ ነገር ግን ድምፃቸው አልተመለሰም። በተራ አስታመምናቸው፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ነበረች። የሥልጠናቸው ውጤት ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልሆኑም። በተራዬ ያየሁትን አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። ነርሶቹ ከመግባታቸው በፊት በሩን ያንኳኳሉ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ጋሽ መርዕድ ዓይናቸው ይፈጣል፣ አንገታቸው ይገታተራል፣ ከጉሮሯቸው «አ... አ...» የሚል ድምፅ በግድ ያወጣሉ፣ ያንኳኳው ሰው ገብቶ እስኪያዩት ድረስ አያቆሙም። ከዚያ በላብ ተነክረው ይወድቃሉ። ነርሶቹን ለምኜ ማንኳኳቱን አስተውኳቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ቋንቋ የማላውቅ መሰልኩ።

ሰናይት ከዚያ ወዲህ ሳቋ ጠፋ። «ራሳቸውን ስተው ነበር አይደል?» ትለኛለች። «ሐኪሙ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብሏል።» እኔም፣ «ይሆናል» እላታለሁ።

የእህታቸው ልጅ ሊወስዳቸው መጣ። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ስንሰናበታቸው በደህናው እጃቸው ጉንጫችንን ነኩን። የሰናይት ተራ ሲደርስ ተንበረከከች።

«ጋሽ» አለች፣ «ያን ቀን በር ላይ...»

ራሳቸውን ወዘወዙ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ደጋግመው። ሰናይት እጃቸውን ይዛ ሳመች፣ ለረጅም ጊዜም አለቀሰች። ስትነሳ ቀለል ብሏት ነበር። «አልሰሙኝም» አለችኝ። እኔ የባቡሩን መስኮት አየሁ።

እድራችን አሁንም አለ። የመቅረቱን ልምምድ አልተውነውም፤ ደንቡን ግን ለውጠነዋል። የቀረች ሴት ዘንድ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሰው ይሄዳል፣ በዓይኑም ሳያያት አይመለስም። እኔ ስናገር የሚስቅ የለም። ይህ ደግሞ ከሳቁ ይብስብኛል። ተነስቼ የሚያሰጋኝን ስናገር ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፣ እኔም የምናገረው ሁሉ የሚደርስ እየመሰለኝ ቃሎቼን እፈራቸዋለሁ።

ዛሬ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መጀመሪያ የጠራሁት ሰናይትን ነው። መጣች። ነገርኳት። እንደ ሰው አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ልብሱ ከተዘፈዘፈበት ሳፋ አጠገብ ተቀምጣ እርጥቡን ወለል ስታይ ቆየች።

«እትዬ ብርቄ፣ ጣቢያው ላይ የጠየቅኳቸው ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ጥያቄዬን እኮ አልጨረስኩትም ነበር። ሳልጨርስ ነው የመለሱልኝ።»

የጨመቅኩትን ልብስ መልሼ ሳፋው ውስጥ ከተትኩ።

«ካልሰሙኝ ምን ልጠይቃቸው እንደነበር በምን አወቁ?»

ውሃ ከተሰጣው ልብስ ላይ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

«መቼ ነው ይህ የገባሽ?» አልኳት።

«ባቡሩ ገና ሳይርቅ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ እኔም እጄን አደራረቅኩ። ማረፋቸውን ለእትዬ ዘውዴ ልንነግራት አብረን ወጣን።